የፕላዝማ ዴንሲቲ መሃሉ ላይ ስንት ነው፣ ዳሩ ላይስ? ከድሬ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ድሬዳዋ የምትማር የፊዚክስ ልጅ ለመመረቂያ ፕሮጀክቷ 4 ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው የመስታወት ቱቦ ውስጥ አርጎን አስገብታ በዲሲ 600 ቮልት ፕላዝማ (ኤሌክትሮኖች ከአተሞቻቸው የተላቀቁበት ጋዝ) ታበራለች፣ ፕሬዠሩ 0.1 ቶር (ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ) አካባቢ፣ ከረንቱ 20 ሚሊ አምፒር። የኤሌክትሮኖቹ ዴንሲቲ፣ ማለትም በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ ያላቸው ብዛት፣ ከቱቦው መሃል እስከ መስታወቱ ድረስ እንዴት እንደሚቀያየር ማወቅ ትፈልጋለች። "ብርሃኑን በስልክ ካሜራ አንስቼ የደመቀው ቦታ ዴንሲቲው ከፍ ያለ ነው ብል ያስኬዳል? ካላስኬደ ላንግሙየር ፕሮብ ልስራ ወይስ ኢንተርፌሮሜትር ልፈልግ? መምህራችን ደግሞ ጂፒኤስ ከላያችን ያለውን ፕላዝማ ይለካል አለን፣ እሱስ እንዴት ነው?" ትላለች።

አቦ እህቴ፣ ጥያቄሽ ሶስት ይመስላል እንጂ አንድ ነው፣ መልሱ ግን ረዘም ይላል፣ ሻይሽን ይዘሽ አንብቢው። ካሜራው አያስኬድም። ኢንተርፌሮሜትሩ ለሌላ ፕላዝማ እንጂ ላንቺ ቱቦ አይሆንም። ፕሮብ፣ ማለትም ፕላዝማው ውስጥ የሚገባ ቀጭን ሽቦ፣ ስሪ፣ ፕሮቡ የሚሰጥሽን ቅርጽ እመኚው፣ ቁጥሩን ግን በሌላ መንገድ ሳታጣሪ እንዳትቀበዪ።

ነገሩ ምን መሰለሽ፣ ዴንሲቲን በቀጥታ የሚያነብ መሳሪያ የለም። ፕሮብ ከረንት ያነባል፣ ኢንተርፌሮሜትር የሞገድ ፌዝ (ሞገዱ ስንት እንደቀደመ ወይ እንደዘገየ) ያነባል፣ ካሜራ ብርሃን ያነባል፣ ከዛ በሒሳብ ወደ ዴንሲቲ የምትቀይሪው አንቺ ነሽ፣ ስትቀይሪ ደግሞ ሁሌም ያላየሽውን ነገር እንደሆነ አድርገሽ ትወስጃለሽ፣ ቱቦው ክብ ስለሆነ ፕላዝማውም ክብ ነው፣ ቴምፕሬቸሩ የትም ቦታ እኩል ነው ምናምን እያልሽ። መሳሪያዎቹ ሁለት ጎራ ናቸው። አንዱ የቆመበትን ነጥብ ብቻ ያያል፣ ሌላው ሞገዱ ያለፈበትን መስመር በሙሉ ደምሮ ነው የሚሰጥሽ። ድምር የሚሰጠውን ከጅቡቲ የሚመጣ ከባድ መኪና የሚወጣበት ሚዛን በይው፣ ጭነቱ ስንት ቶን እንደሆነ አስተካክሎ ይነግርሻል፣ ከባዱ ዕቃ ከፊት ይሁን ከኋላ ግን አያውቅም። ነጥቡን የሚያየው ደግሞ ቅርጹን ያሳይሻል፣ ግን ራሱ ፕላዝማው ውስጥ ገብቶ ስለሚረብሽ ቁጥሩ ላይ እጥፍ ቢሳሳት አይገርምም። ሁለቱን ካላገናኘሻቸው መልሱ ግማሽ ነው የሚሆነው።

በቅድሚያ ካሜራውን እንጨርሰው። አርጎን የሚያበራው ኤሌክትሮን ሲገጨው ነው፣ ግን የትኛውም ኤሌክትሮን አይደለም፣ ያንን ወይን ጠጅ ብርሃን ለማውጣት አተሙ 13 ኤሌክትሮን ቮልት (የጉልበት መለኪያ ነው፣ የኤሌክትሮኖቹ ቴምፕሬቸርም በሱ ይነገራል) አካባቢ ጉልበት ይፈልጋል፣ ያንቺ ኤሌክትሮኖች ቴምፕሬቸር ግን 2 ምናምን ነው። ስለዚ ብርሃኑን የሚያወጡት ከሁሉም ፈጣን የሆኑት ጥቂቶቹ ናቸው እንጂ ብዙሃኑ አይደሉም። ቴምፕሬቸሩ ከ2 ወደ 2.2 ቢል፣ 10 ፐርሰንት ብቻ ማለት ነው፣ የነዛ ፈጣኖቹ ቁጥር በግምት በ80 ፐርሰንት ያድጋል፣ ዴንሲቲው ግን ቅንጣት አልተቀየረም። አየሽ አይደል፣ ፎቶው ላይ እጥፍ ሊደርስ ትንሽ የቀረው ብሩህነት የዴንሲቲ ሳይሆን የሙቀት ሊሆን ይችላል። ቱቦሽን ከካቶዱ፣ ከኔጌቲቩ ኤሌክትሮድ፣ ጀምረሽ ብታይው ነገሩ ይበልጥ ይገባሻል፣ ካቶዱ አጠገብ ከሚደምቀው ክፍል ቀጥሎ ጨለማ ቦታ አለ፣ የፋራዴይ ጨለማ የሚሉት፣ እዛ ጋ ፕሮብ ብታስገቢ ዴንሲቲው ወዲያ ማዶ ከሚያበራው ረጅሙ ክፍል በልጦ ልታገኚው ትችያለሽ። ጨለማ የሆነው ኤሌክትሮን ስላጣ ሳይሆን ያሉት ኤሌክትሮኖች ስለደከሙ ነው።

ካሜራው ግን ጨርሶ አይጣልም። ፕላዝማው ግራና ቀኙ እኩል ነው ወይ የሚለውን እሱ ነው በደንብ የሚነግርሽ፣ አውቶማቲክ ኤክስፖዠሩን አጥፊና ከጎን አንሺ፣ ግራው ከቀኙ ካልገጠመ ኤሌክትሮድሽ ተጣሞ ነው ወይ ቱቦው አንድ ወገን ቆሽሿል፣ እሱን ሳታስተካክዪ ወደ ፕሮብ መሄድ ጊዜ ማባከን ነው። ብርሃኑ ጥቁርና ነጭ ቀለበት ቀለበት እየሆነ ቱቦው ውስጥ ተደርድሮ ካየሽም ከረንቱን ወይ ፕሬዠሩን ትንሽ ቀይሪ፣ ፕሮቡ ቀለበት ላይ ይሁን በቀለበቶች መሃል ሳታውቂ የለካሽው ቁጥር አይጠቅምሽም።

አሁን ወደ ፕሮቡ። ዓመተ ምህረቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው። ኢርቪንግ ላንግሙየር ጀነራል ኤሌክትሪክ ላብ ውስጥ ከሞት-ስሚዝ ጋር ሆኖ 1926 ላይ የፕሮቡን ቲዮሪ አወጣ፣ ፕላዝማ የሚለውንም ስም 1928 ላይ የሰጠው እሱ ነው። ዕቃው ራሱ ቀጭን ሽቦ ነው በቃ። 0.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ፣ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ራቁቱን ወጥቶ ሌላው በሴራሚክ ቱቦ የተሸፈነ። ከፕላዝማው አንጻር 40 ቮልት ኔጌቲቭ ስታደርጊው ኤሌክትሮኖቹን አባሮ አዮን፣ ኤሌክትሮን ያጣውን አተም፣ ብቻ ይሰበስባል። መጽሐፉ ላይ ያለው ፎርሙላ ከረንቱ ማለት 0.61 ሲባዛ በኤሌክትሮን ቻርጅ፣ በዴንሲቲ፣ በሽቦው ገጽ ስፋትና ቦም ስፒድ በሚባለው የአዮን ፍጥነት ነው ይላል። ቁጥር እናስገባበት፣ ለአርጎን በ2 ኤሌክትሮን ቮልት ቦም ስፒዱ 2,200 ሜትር በሰከንድ ገደማ ነው፣ ዴንሲቲው በሜትር ኩብ 10¹⁶ ቢሆን ከረንቱ 7 ማይክሮ አምፒር አካባቢ ይመጣል፣ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ላይ ብታሳልፊው 70 ሚሊ ቮልት፣ ተራ መልቲሜትር ያነበዋል። ስለዚ በመሳሪያ እጥረት አታመካኚ።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፣ እዚ ጋ ረጋ ብለሽ ተከተዪኝ። በዛ ዴንሲቲና ቴምፕሬቸር ዲባይ ሌንግዝ የሚባለው፣ ፕላዝማው ውስጡ የገባን ቻርጅ የሚሸፍንበት ርቀት፣ 0.1 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሽቦሽ ራዲየስም 0.1 ሚሊ ሜትር። ሽቦውን የሚከበው ኤሌክትሮን የሌለበት ንብርብር፣ ሺዝ የሚሉት፣ ብዙ ዲባይ ሌንግዝ ነው የሚወፍረው፣ ስለዚ አዮኑን የሚሰበስበው የሽቦው ገጽ ሳይሆን ከሱ ብዙ እጥፍ የሚሰፋው የሺዙ ጠርዝ ነው ማለት ነው። ይሄን ግራፉ ላይ ታይዋለሽ፣ ኔጌቲቭ ቮልቴጁን በጨመርሽ ቁጥር ከረንቱ እንደ መጽሐፉ ረግቶ አይቆምም፣ ዝም ብሎ ይጨምራል። የሽቦውን ስፋት ብቻ ይዘሽ ካሰላሽ ዴንሲቲውን አብዝተሽ ታወጪያለሽ። ለእንደዚህ አይነት ቀጭን ሽቦ የሚሻለው የአዮን ከረንቱን ስኩዌር አድርጎ ከቮልቴጁ ጋር መሳል ነው፣ ቀጥ ያለ መስመር ከመጣልሽ ከስሎፑ ዴንሲቲውን ታወጪያለሽ፣ ቴምፕሬቸሩን ማወቅም አያስፈልግሽም። ግን እሱም ንጹህ አይደለም፣ ምክንያቱም ቲዮሪው አዮኑ ምንም ሳይጋጭ ወደ ሽቦው ይወርዳል ብሎ ነው የሚነሳው፣ በ0.1 ቶር ደግሞ የአርጎን አዮን በግምት 0.3 ሚሊ ሜትር ሄዶ ከአተም ጋር ይጋጫል፣ ሺዙ ውስጥ እያለ ማለት ነው። ወደ 1 ቶር ከወጣሽማ በየ0.03 ሚሊ ሜትሩ ነው የሚጋጨው፣ ያኔ እነዚህን ፎርሙላዎች ተያቸው።

ቁጥሩን ሳታጣሪ አትቀበዪ ያልኩሽ ለዚህ ነው። ቅርጹ ግን ይተርፋል፣ ስህተቱ መሃልም ላይ ከመሃል ወጣ ብሎም ተቀራራቢ ስለሆነ ሁሉንም ነጥብ ለመሃሉ ስታካፍዪው አብዛኛው ይሰረዛል። አብዛኛው ነው ያልኩት፣ ሁሉም አይደለም፤ ወደ ግድግዳው ስትጠጊ ዴንሲቲው ስለሚሳሳ ሺዙ ይወፍራል፣ ስለዚ ዳር ላይ ያለውን ከእውነቱ ትንሽ ከፍ አድርገሽ ነው የምታነቢው፣ የመጨረሻዎቹ 2 ሚሊ ሜትር ላይ ደግሞ የፕሮቡ ሺዝ ከመስታወቱ ሺዝ ጋር ይነካካል፣ እዛ የለካሽውን ግራፉ ላይ ባዶ ክብ አድርጊው እንጂ መስመር አታሳልፊበት።

ግራውንድ! ይሄን ሳትጨርሺ ምንም ነገር እንዳታበሪ። ካቶዱን ግራውንድ አድርገሽ አኖዱን ፖዘቲቭ 600 ላይ ከሰቀልሽው ፕላዝማው ራሱ በመቶዎች ቮልት ላይ ነው የሚንሳፈፈው፣ ፕሮቡን ይዘሽ ኦሲሎስኮፕ ላይ ስትሰኪው ኦሲሎስኮፑ ይቃጠላል፣ እጅሽ ካለበትም እጅሽ። አኖዱን ግራውንድ አድርጊና ካቶዱን ኔጌቲቭ አድርጊው፣ ያኔ አኖድ አካባቢ ያለው ፕላዝማ ከግራውንድ ብዙ አይርቅም፣ የፕሮቡም ሰርኪት ሰው የሚችለው ቮልቴጅ ላይ ይሆናል።

ከዛም በላይ ደብል ፕሮብ እንድትሰሪ ነው የምመክርሽ፣ ጆንሰንና ማልተር 1950 ላይ ያመጡት ነው። ሁለት እኩል ሽቦ፣ በመሃላቸው ባትሪና ማይክሮ አምፒር ሜትር፣ ከግራውንድ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው፣ አብሮ ከፕላዝማው ጋር የሚንሳፈፍ። ዘጠኝ ቮልት ባትሪዎች ደርድረሽ በፖቴንሽዮሜትር ከኔጌቲቭ 30 እስከ ፖዘቲቭ 30 ብታዞሪው ኤስ የመሰለ ኩርባ ይወጣልሻል፣ ሁለቱ ጫፎች የአዮን ከረንቱን ይሰጡሻል፣ መሃሉ ላይ ያለው ስሎፕ ደግሞ ቴምፕሬቸሩን፤ ከረንቱን ለስሎፑ እጥፍ ስታካፍዪ በኤሌክትሮን ቮልት ይመጣልሻል። ለምሳሌ ጫፉ 7 ማይክሮ አምፒር ሆኖ ስሎፑ በቮልት 1.75 ማይክሮ አምፒር ከሆነ ቴምፕሬቸሩ 2 ነው። ባትሪ የምልሽ ከሶኬት የሚመጣ ፓወር ሰፕላይ አብሮት ግራውንድና የመብራቱን ሃም ስለሚያስገባብሽ ነው።

ሽቦዎቹን ከቱቦው ርዝመት ጋር ትይዩ አስተኛቸው፣ ወደ ግድግዳው እንዲያመለክቱ አታድርጊ። 5 ሚሊ ሜትር ሽቦ 20 ሚሊ ሜትር ራዲየስ ውስጥ ወደ ዳር ካመለከተ ሩቡን መንገድ ባንዴ አቬሬጅ አድርጎ ነው የሚሰጥሽ፣ ትይዩ ከተኛ ግን የሚያየው የራሱን ውፍረትና የሺዙን ያህል ብቻ ነው። ሁለቱም እኩል ከአኖዱ ይራቁ፣ አንዱ ቀደም ካለ በመሃላቸው የቱቦው ኤሌክትሪክ ፊልድ ገብቶ ኩርባውን ወደ ጎን ይገፋብሻል።

ማንቀሳቀሻውስ? ብዙ ሰው እዚ ጋ ውድ ዕቃ ይመኛል። በአኖዱ በኩል ባለው መዝጊያ ላይ ከመሃሉ 1 ሳንቲ ሜትር ፈንጠር ብሎ ቀዳዳ ይበሳ፣ የማይዝግ ዘንግ በኦሪንግና በቫኪዩም ግሪስ ይግባበት፣ ጫፉ 1 ሳንቲ ሜትር ወደ ጎን ይታጠፍና ሽቦዎቹን ይያዝ። ዘንጉን ስታዞሪው ጫፉ ከቱቦው መሃል ተነስቶ በቅስት ወደ ግድግዳው ይሄዳል፦ 0 ዲግሪ ላይ ልክ መሃል፣ 60 ላይ 1 ሳንቲ ሜትር፣ 90 ላይ 1.4፣ 120 ላይ 1.7። ውጪ ላይ የተማሪ ፕሮትራክተር ለጥፊበት፣ አለቀ። ያው ዘንግ ወደፊትና ወደኋላም ይንሸራተትልሻል፣ እሱ በኋላ ይጠቅመናል።

ሽቦውን የት አገኛለሁ ካልሽ አርጎን ብየዳ የሚሰሩ ሰዎች ጋ ታንግስተን አለ፣ ግን እሱ ወፍራም ስለሆነ ሞርደሽ ማቅጠን ይኖርብሻል፣ ጫፉ ቀይ ቀለም የተቀባውን ደግሞ እንዳትሞርጂ፣ ቶሪየም አለበት፣ ሬዲዮአክቲቭ ነው፣ ብናኙ ሳንባ ውስጥ መግባት የለበትም። አረንጓዴ ጫፍ ያለው ንጹህ ታንግስተን ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ላንቺ ከረንት ቀጭን የማይዝግ ብረት ወይ ኒኬል ሽቦም ይበቃል፣ ታንግስተን የሚያስፈልገው ፕሮቡ በሚግልበት ቦታ ነው። ሴራሚኩን ከተጣለ ቴርሞካፕል ውስጥ አውጪው፣ ነጯ ሁለት ቀዳዳ ያላት በትር አለች አይደል፣ ለደብል ፕሮብ የተሰራች ነው የምትመስለው። ስትለኪ ደግሞ ቮልቴጁን ወደላይም ወደታችም አዙሪው፣ ሁለቱ ኩርባዎች አንዱ ባንዱ ላይ ካልተኙ ሽቦው ቆሽሿል ማለት ነው፣ የፓምፕ ዘይት ነው ብዙ ጊዜ፣ ከፍ ባለ ኔጌቲቭ ቮልቴጅ አዮን እየደበደበው ጥቂት ደቂቃ ተዪውና እንደገና ለኪ።

ዘይት ካነሳን አይቀር፣ መብራት ጥርግ ሲል ሮታሪ ፓምፑ ይቆምና ቱቦው ውስጥ ያለው ቫኪዩም ዘይቱን ወደ ላይ ይስበዋል፣ ፕሮቡም መስታወቱም በዘይት ይታጠባል፣ ሳምንት ሙሉ ማጽዳት ነው። በፓምፑና በቱቦው መሃል ቫልቭ ይኑር፣ መብራት ሲሄድ ሩጪና ዝጊው። ሌላ ደግሞ የድሬ ጉዳይ አለ፦ ክብ ባለ መርፌ ጌጅ ቫኪዩም የምታነቢ ከሆነ መርፌው 760 ጋ አይደርስም፣ ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ራሱ 660 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው፣ ሐረር ደግሞ ከዛም ዝቅ ይላል፣ ስለዚ ፓምፑ ተበላሸ ብለሽ እንዳትፈቺው። ፒራኒ ጌጅ (በጋዙ ሙቀት ማስተላለፍ ፕሬዠር የሚለካው) ከሆነ ደግሞ ለናይትሮጅን ነው የተስተካከለው፣ አርጎን ሲሆን ዝቅ አድርጎ ያነባል፣ እውነተኛው ፕሬዠር ካነበብሽው 1.6 እጥፍ ገደማ ነው። 0.1 ቶር ያልሽኝ 0.16 ሊሆን ይችላል፣ ፕሬዠሩ ሒሳቡ ውስጥ ስለሚገባ አጣሪው።

እሺ፣ ምን ቅርጽ እንጠብቅ? የጀርመኑ ፊዚሲስት ሾትኪ 1924 ላይ እንዳሳየው ኤሌክትሮንና አዮን አብረው እየተንሸራተቱ ወደ ግድግዳው የሚሄዱና እዛ የሚጠፉ ከሆነ፣ የሚፈጠሩትም በየቦታው እንደ ኤሌክትሮኑ ብዛት ከሆነ፣ ፕሮፋይሉ፣ ከመሃል እስከ ዳር ያለው ቅርጽ፣ ቤሰል ፈንክሽን የሚባለው ኩርባ ነው፣ ግድግዳው ላይ ዜሮ የሚሆነው። በራዲየሱ ግማሽ ላይ የመሃሉን 67 ፐርሰንት ታገኚያለሽ ማለት ነው። ባንቺ ፕሬዠር አዮኑ ግድግዳው ሳይደርስ ብዙ ጊዜ ስለሚጋጭ ይሄ ቲዮሪ ይሰራል፣ ስለዚ ግማሹ ጋ 60 ወይ 75 ካገኘሽ ደስ ይበልሽ፣ 95 ካገኘሽ ግን ፕሮቡን ተጠራጠሪ፣ 30 ካገኘሽ ደግሞ የቱቦው ፕላዝማ ሰብሰብ ብሎ ጠቧል ወይ ዘንግሽ ያሰብሽው ቦታ አይደለም።

አሁን ማጣሪያው፣ ከሁሉም የምወደው ይሄን ነው ምክንያቱም ብር አያስወጣም። ቱቦው ውስጥ የሚያልፈው 20 ሚሊ አምፒር በሙሉ ማለት ይቻላል በኤሌክትሮኖቹ ነው የሚሄደው፣ ያ ማለት አምፒር ሜትርሽ የዴንሲቲውን ድምር አስቀድሞ እያነበበልሽ ነው። ከረንቱ እኩል ነው የኤሌክትሮን ቻርጅ ሲባዛ በድሪፍት ፍጥነቱ (ኤሌክትሮኖቹ በፊልዱ ተገፍተው በሚንሸራተቱበት) ሲባዛ በመላው ቱቦ አቋራጭ ላይ በተደመረው ዴንሲቲ። ፕሮፋይልሽን እያንዳንዱን ነጥብ በራዲየሱ አባዝተሽ ደምሪው፣ ዳር ያለው ቀለበት ሰፊ ስለሆነ ዴንሲቲው ዝቅ ቢልም ድርሻው ትልቅ ነው፣ ይሄን ሰው ይረሳል። ለቤሰል ቅርጽ አቬሬጁ የመሃሉ 43 ፐርሰንት ነው። መሃሉ 10¹⁶ ከሆነ 20 ሚሊ አምፒር ለመሸከም ኤሌክትሮኖቹ 23 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ገደማ መንሸራተት አለባቸው። ይንሸራተታሉ ወይ? ዘንጉን 3 ሳንቲ ሜትር ወደፊት ግፊውና ፕሮቡ የሚንሳፈፍበት ቮልቴጅ ስንት እንደተቀየረ አንብቢ፣ ለ3 ስታካፍዪው የቱቦው ኤሌክትሪክ ፊልድ ነው፣ ፊልዱን ለፕሬዠር አካፍለሽ ለአርጎን የታተሙትን የድሪፍት ሰንጠረዦች ተመልከቺ። ሰንጠረዡ 12 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ካለሽ ፕሮብሽ ዴንሲቲውን በግማሽ አሳንሶታል፣ 40 ካለሽ አብዝቶታል፣ በዛው ልክ አርሚውና ቅርጹን ሳትነኪ ቁጥሩን ብቻ አንሸራቺው።

ኢንተርፌሮሜትሩን ለምን አይሆንም እንዳልኩሽ በቁጥር ላሳይሽ። ሞገድ ፕላዝማ ውስጥ ሲያልፍ ፌዙ የሚቀየረው በሞገዱ ርዝመትና መስመሩ ላይ ባለው የዴንሲቲ ድምር ልክ ነው። 10 ጊጋ ኸርዝ፣ ማለትም 3 ሳንቲ ሜትር ሞገድ፣ ባንቺ 4 ሳንቲ ሜትር ቱቦ ላይ ብናሳልፍ ለውጡ 1 ዲግሪ ምናምን ነው፣ ገመዱን ነካ ስታደርጊው ከዛ በላይ ይቀየራል። ደግሞ ሞገዱ የቱቦሽን ያህል ስለሆነ የሚያየው ቱቦውን እንጂ መሃሉንና ዳሩን አይደለም። በቀይ ሌዘር እናድርገው ካልሽ ለውጡ ከራዲያን ሚሊዮንኛ በታች ነው፣ ተይው። እንደውም ቢሰራስ ኖሮ አንድ መስመር አንድ ቁጥር ነው፣ ያንን አቬሬጅ ይዘሽ መሃሉን ለማወቅ ቅርጽ መገመት አለብሽ፦ ቤሰል ነው ካልሽ ለ0.61 ታካፍያለሽ፣ ፓራቦላ ነው ካልሽ ለ0.67፣ ለጥ ያለ ነው ካልሽ ለ1፤ ከአንድ ልኬት ሶስት የተለያየ የመሃል ዴንሲቲ።

ትልልቆቹ ማሽኖች ላይ፣ ቶካማክ (የኒውክሌር ፊውዥን ማሽን) ምናምን፣ ዴንሲቲው በሜትር ኩብ ወደ 10²⁰ ስለሚጠጋ ኢንተርፌሮሜትር እዛ ጌታ ነው። ብዙ መስመር ጎን ለጎን ያሳልፉና ከዳሩ መስመር ጀምረው ቀለበት በቀለበት እያወጡ ወደ መሃል ይገባሉ፣ ኤብል ኢንቨርዥን ይሉታል። ደካማ ጎኑ ዳር ላይ የሰራሽው ትንሽ ስህተት በየቀለበቱ እየተንከባለለ መሃሉ ላይ መከመሩ ነው። ነጥብ በነጥብ ማየት ሲፈልጉ ደግሞ ሌዘር ተኩሰው ከኤሌክትሮኖቹ የሚበተነውን ጥቂት ብርሃን ይለቅማሉ፣ ቶምሰን ስካተሪንግ፤ 1969 ላይ የእንግሊዝ ካልሃም ላብ ሰዎች፣ ያውም በቀዝቃዛው ጦርነት መሃል፣ ሌዘራቸውን ጭነው ሞስኮ ሄደው የሶቭየቱን ቲ-3 ቶካማክ የለኩት በዚህ ነው። ላንቺ የሚበተነው ብርሃን ከምንም አይቆጠርም፣ ስለዚ አያጓጓሽ።

ፕሮቡን ሙሉ በሙሉ ለማምለጥ ከፈለግሽ ሄርፒን የሚባል አለ፣ ስቴንዘል 1976 ላይ ያመጣው፣ ዩ ቅርጽ ያለው ሽቦ ነው፣ ፕላዝማ ውስጥ ሲገባ ሬዞናንሱ፣ የሚደውልበት ፍሪኩዌንሲ፣ ወደ ላይ ይሸሻል። እግሩ 3 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በቫኪዩም 2.5 ጊጋ ኸርዝ ላይ ይደውላል፣ በ10¹⁶ ዴንሲቲ ወደ 2.66 ይሄዳል፣ ልዩነቱ ዴንሲቲውን በቀጥታ ይሰጥሻል፣ ቴምፕሬቸር አትጠየቂም። እስከ 3 ጊጋ ኸርዝ የሚሄድ ርካሽ ናኖ ቪኤንኤ (ሬዞናንሱን የሚያነብ ትንሽ መሳሪያ) ካገኘሽ ሞክሪው፣ መሃሉ ላይ አንድ ነጥብ ብቻ ብትለኪበት እንኳን ለፕሮቡ ቁጥር ሁለተኛ ምስክር ነው።

የጂፒኤሱ ነገር አሁን ቀላል ይሆንልሻል፣ መምህርሽ ትክክል ነው። ሳተላይቱ በሁለት ፍሪኩዌንሲ ያወራል፣ 1575.42 እና 1227.60 ሜጋ ኸርዝ፣ አዮኖስፌር በሚባለው የላይኛው አየር ውስጥ ያለው ፕላዝማ ሁለቱን እኩል አያዘገያቸውም፣ ከልዩነታቸው ከሳተላይቱ እስከ አንቺ ድረስ ባለው መስመር ላይ ስንት ኤሌክትሮን እንዳለ ይታወቃል። በካሬ ሜትር 10¹⁶ ኤሌክትሮን አንድ ዩኒት ነው፣ በመጀመሪያው ፍሪኩዌንሲ ላይ 16 ሳንቲ ሜትር ስህተት ይፈጥራል፣ 50 ዩኒት ባለበት ከሰዓት 8 ሜትር መሆኑ ነው። ግን ያው የከባድ መኪናው ሚዛን ነው፣ ድምር እንጂ ቅርጽ የለውም። ቅርጹን የሚሰጠው አዮኖሶንድ ነው፣ ከመሬት ሬዲዮ ይልካል፣ ፍሪኩዌንሲውን እየጨመረ፣ እያንዳንዱ ፍሪኩዌንሲ ዴንሲቲው ልኩ የሆነበት ከፍታ ላይ ሲደርስ ተመልሶ ይመጣል፤ 9 ሜጋ ኸርዝ የሚመለሰው በሜትር ኩብ 10¹² ካለበት ነው። ሆኖም አዮኖሶንዱ የሚያየው እስከ ጫፉ ብቻ ነው፣ ከዛ በላይ ያለው ተደብቋል፣ ጂፒኤሱ ከሰጠሽ ድምር ላይ የታችኛውን ቀንሰሽ ነው የላይኛው ምን ያህል እንደሆነ የምታውቂው። ቱቦሽ ላይ ፕሮብና አምፒር ሜትር ያደረግሽውን ነው ሰማይ ላይ የሚያደርጉት።

ድሬና ሐረር ላይ ይሄ ነገር ከሌላው ዓለም ይከብዳል፣ ማግኔቲክ ኢኩዌተሩ፣ የምድር ማግኔቲክ ፊልድ አግድም የሚተኛበት መስመር፣ የሚያልፈው በኛ አካባቢ ስለሆነ። ቀን ላይ እዚ ከላያችን ያለው ፕላዝማ ወደ ላይ ይነሳና በማግኔቲክ ፊልዱ ተንሸራቶ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ይወርዳል፣ ስለዚ ከሰዓት በኋላ ትልቁ ዴንሲቲ ከማግኔቲክ ኢኩዌተሩ ግራና ቀኝ 15 ዲግሪ አካባቢ ይሆንና እኛ መሃል ላይ ጎድጓዳው ውስጥ እንቀራለን። ፀሐይ ከገባች በኋላ ደግሞ ከስር የሳሳ ፕላዝማ እንደ አረፋ እየተነሳ ወፍራሙን ይቦጫጭቀዋል፣ ያኔ የጂፒኤስ ሲግናል ይንቀጠቀጣል፣ ማታ ላይ የሚሰራ ቀያሽ ካለ ሪሲቨሩ ሳተላይት ሲጥልበት ሁሌ ዕቃው አይደለም የተበላሸው። 2019 ላይ ኮስሚክ-2 የሚባሉ ስድስት ትንንሽ ሳተላይቶች ወደዚህ ቀበቶ ተልከዋል፣ ከጎን ሆነው የጂፒኤስ ሲግናል በአዮኖስፌሩ ውስጥ ሲያልፍ እያዩ ፕሮፋይል ያወጣሉ፣ በምን ካልሽኝ በዛው በኤብል ኢንቨርዥን፣ እሱ ደግሞ የሚነሳው በአንድ ከፍታ ላይ ዴንሲቲው በሁሉም አቅጣጫ እኩል ነው ብሎ ነው። እኛ ጋ እኩል አይደለም፣ አሁን እንደነገርኩሽ ከሰዓት ወደ ሰሜን ብትሄጂም ወደ ደቡብ ብትሄጂም ይጨምራል፣ ስለዚ ከታች በኩል ያለው የፕሮፋይሉ ክፍል ላይ በኢኩዌተሩ አካባቢ ያልነበረ ነገር ያሳያል፣ አንዳንዴም ከዜሮ በታች የሆነ ዴንሲቲ ያወጣል። ኔጌቲቭ ኤሌክትሮን ብዛት!

ለፕሮጀክትሽ ስትጽፊ ታዲያ ሁለት የተለያየ ስህተት አስቀምጪ፣ አንድ ላይ አትደባልቂያቸው። ለቅርጹ፣ ያው መለኪያ ነጥብ ላይ ዘንጉን መልሰሽ መላልሰሽ ስትለኪ የሚመጣውን ልዩነት፣ እሱ ጥቂት ፐርሰንት ነው የሚሆነው ፕሬዠሩ ከረጋልሽ። ለመሃሉ ቁጥር ደግሞ ፕሮቡ ያለውና አምፒር ሜትሩ ያለው የሚለያዩበትን ያህል፣ እጥፍም ቢሆን እጥፍ ብለሽ ጻፊው። ፈታኞቹ ምን ያህል ታምኚዋለሽ ሲሉሽ ለመሃሉ ሁለቱንም ቁጥር፣ ለግማሽ ራዲየሱ ሬሾውን አሳያቸው፣ ግድግዳው ጋ ያሉትን ባዶ ክቦችም ለምን ባዶ እንደሆኑ ከግራፉ ስር በአንድ መስመር ጻፊ።